ከእምብርቱ እንጀምር፦ ክብ የኪሮሽ ሥራ አጀማመር

(በካኩማ የስደተኞች ካምፕ ለአዲስ የእጅ ሥራ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የኪሮሽ ትምህርት ለመጀመር በዚህ አዳራሽ የተሰበሰባችሁት አንድ ዓይነት ሰዎች አይደላችሁም። ከመካከላችሁ በአገር ቤት የሬዲዮና የቡፌ ዳንቴል እየሠራች ያደገች አለች። ኪሮሽ በእጇ ይዛ የማታውቅም አለች። ልጅ አዝላችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ ጥቂት ወንዶችም አላችሁ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። በአገራችን ጥበብ የሚሸምነው፣ ልብስ የሚሰፋው ወንድ ሆኖ ሳለ ክር ይዞ መቀመጥ ለወንድ ያሳፍራል የሚል ሰው ቢገጥማችሁ የሸማኔውን ልጅ ጠይቅ በሉት።

እኔ የማስተምረው ሒሳብ ነው። የእጅ ሥራ ትምህርትን በሒሳብ መምህር ማስጀመር ምን ይሉታል የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ክብ የኪሮሽ ሥራ የሚያምረውም የሚበላሸውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች ሲሆን፣ እነዚህን ሦስት ዙሮች የሚጠብቃቸው ቁጥር ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ሐሳብ አይወጣም።

ነገሩ ለእኛ ቀላል አይደለም። ክር እንደልብ አይገኝም። ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚደርሰው ልቃቂት የተቆጠረ ነው። ራሽን በየጊዜው በተቀነሰባቸው በእነዚህ ዓመታት አንዲት እናት ከሠራችው ኮፍያ ወይም ከጠረጴዛ ልብስ የምታገኘው ሽልንግ ለስኳር፣ ለሳሙና፣ ለልጅ ደብተር ይሆናል። ገዢ ደግሞ አያዝንልንም። ጠረጴዛ ላይ ሲያነጥፉት የማይተኛ ዳንቴል አንስቶ አይቶ መልሶ ያስቀምጠዋል።

ኪሮሽና ሰፌድ

ኪሮሽ የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። ዳንቴል የምንለውም እንዲሁ የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ስማቸው የውጭ ይሁን እንጂ ክብ ሥራን ከመሐል ጀምሮ ወደ ውጭ ማሳደግ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እናቶቻችን በአክርማና በስንደዶ፣ በወስፌ እየወጉ ሰፌድ፣ ሙዳይና መሶብ ሲሰፉ የሚጀምሩት ከእምብርቱ ነው። እምብርቱ ላልቶ የተጀመረ ሰፌድ ምን ያህል ቀለም ቢገባበት አይቃናም። እዚህም ጎረቤቶቻችን የቱርካና ሴቶች ከዘንባባ ቅጠል የሚሠሩትን ቅርጫት ብትመለከቱ አጀማመሩ ያው ነው፤ መሐሉን አጥብቆ ይዞ ዙሪያውን እያስፉ መሄድ። ስለዚህ ሰፌድ ሰፍታ የምታውቅ እናት የክብ ኪሮሽን ምስጢር ግማሹን ይዛ መጥታለች ማለት ነው።

ኪሮሽ ችግረኛን ሲረዳም የመጀመሪያው አይደለም። አየርላንድ በምትባለው አገር ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድንች ሰብል በበሽታ በመበላሸቱ ጽኑ ረሃብ ገብቶ ነበር። በዚያን ጊዜ በየገዳሙ የነበሩ መነኮሳይያት ለሴቶችና ለልጃገረዶች የኪሮሽ ዳንቴል ያስተምሩ ነበር፤ የሥራው ሽያጭም ለብዙ ቤተሰብ የዕለት ጉርስ ሆነ። የአየርላንድ ዳንቴል እስከ ዛሬ በዓለም የታወቀ ነው። ሌላም ልብ የምንለው ነገር አለ። የሹራብ ሥራ ማሽን በእንግሊዝ አገር የተፈለሰፈው በ1589 እ.ኤ.አ. ነው። ሹራብን ከአራት መቶ ዓመት በላይ ማሽን ሲሠራው ኖሯል። ኪሮሽ ግን እስካሁን በዋናነት የሰው እጅ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። በገበያ ያለ እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ የአንድ ሰው እጅና ጊዜ ያረፈበት ነው። ዋጋ ስትጠየቁ ይህን አትርሱ።

መሣሪያዎቻችን

ለመጀመር ብዙ ነገር አያስፈልግም። አንድ ኪሮሽ፣ ክር፣ ጫፍ መቀበቂያ ትልቅ መርፌ፣ መቀስ ወይም ምላጭ፣ የተለየ ቀለም ያለው ቁራጭ ክር፣ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ደብተሩንና እርሳሱን በትርፍነት የጠቀስኳቸው እንዳይመስላችሁ፤ ከኪሮሹ እኩል መሣሪያዎች ናቸው።

ለጀማሪ ወፈር ያለ፣ ነጣ ያለ ቀለም ያለው ክር ይሻላል። በጥቁር ክር ላይ ዓይኑ አይለይም፤ በተለይም ምሽት በባትሪ ብርሃን ለሚሠራ ሰው። አሮጌ ሹራብ ተርትሮ ክሩን መጠቀምም ይቻላል። ከተረተራችሁት በኋላ ክሩን በወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥማችሁ፣ በአራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ አስራችሁ፣ በውኃ ነክራችሁ አንጠልጥላችሁ አድርቁት። ጥቅልሉ ይለቅቃል፤ አዲስ ባይመስልም ለሥራ ይቀናል። ነገር ግን አንዳንድ ሹራብ በመቀስ ተቆርጦ የተሰፋ ስለሆነ ሲተረተር ቁርጥራጭ ይሆናል። ከመግዛታችሁ በፊት የጎኑን ስፌት ገልብጣችሁ ተመልከቱ፤ ጠርዙ የተቆረጠና በማሽን የተለቀመ ከሆነ ተዉት።

ኪሮሽ ያጣ ሰው ከጠንካራ እንጨት ሊሠራ ይችላል። የእርሳስ ውፍረት ያለውን ቀጥ ያለ እንጨት ልጣችሁ፣ ጫፉን አሹላችሁ፣ ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ቀዳዳ ሳይሆን ጎድጓዳ መንጠቆ ቅረጹበትና በድንጋይ አለስልሱት። ክር የሚይዝ ሻካራ ቦታ ከቀረበት ሥራው ስለሚያስመርር ማለስለሱ ላይ ታገሡ።

ስሞቹን እንወቅ

የእያንዳንዱ አሠራር ስም ከቤት ቤት፣ ከከተማ ከተማ ይለያያል። እንዳንደናገር በዚህ ክፍል በእነዚህ ስሞች እንግባባ።

ሸምቀቆ የምንለው በኪሮሹ ላይ የሚገባው የመጀመሪያው ተንሸራታች ቋጠሮ ነው። ክሩን በኪሮሹ ስበን በቀለበቱ ውስጥ ስናሳልፈው ሰንሰለት ይሆናል። በእያንዳንዱ በተጠናቀቀ ሥራ አናት ላይ የምትታየውን፣ ከላይ ሲያዩዋት እንደ ሰንሰለት ቅንጣት የምትመስለውን ዓይን እንላታለን። የምንቆጥረው እሷን ነው።

አጭር ዓይን ማለት ኪሮሹን አስገብተን ክር ስበን ስናወጣ በኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት ይሆናል፤ ከዚያ ክር ይዘን በሁለቱም ውስጥ አንድ ጊዜ ማሳለፍ ነው። ረጅም ዓይን ደግሞ ኪሮሹን ከማስገባታችን በፊት ክሩን አንድ ጊዜ እንጠመጥማለን፤ አስገብተን ስበን ስናወጣ ሦስት ቀለበት ይሆናል፤ በሁለቱ እናሳልፋለን፣ እንደገና በቀሩት ሁለት እናሳልፋለን። ማያያዣ የምንለው ኪሮሹን አስገብተን ክሩን በኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበትም ጭምር በአንዴ የምናሳልፈው ሲሆን ቁመት የለውም፤ ዙር ለመዝጋት ያገለግላል።

በአንድ ዓይን ውስጥ ሁለት ስንሠራ መንታ እንለዋለን። የክብ ሥራ እድገት ሁሉ የሚመጣው ከመንታ ነው።

ሦስት ዓይነት አጀማመር

ክብ ሥራ በሦስት መንገድ ይጀመራል። አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ ለሥራው የሚስማማውን መምረጥ ነው።

አንደኛው በሰንሰለት ክብ መጀመር ነው። አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ሰንሰለት ሠርታችሁ የመጨረሻውን ከመጀመሪያው ጋር በማያያዣ ትዘጋላችሁ። የመጀመሪያውን ዙር የምትሠሩት በየሰንሰለቱ ውስጥ ሳይሆን በመሐሉ ቀዳዳ ውስጥ ነው። መሐሉ ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ለዳንቴል ጌጥ ስለሆነ ጥሩ ነው። ለኮፍያ ግን አናት ላይ ቀዳዳ የሚፈልግ ሰው የለም። ከመዝጋታችሁ በፊት ሰንሰለቱ አለመጠምዘዙን ተመልከቱ።

ሁለተኛው በሁለት ሰንሰለት መጀመር ነው። ሸምቀቆ አድርጋችሁ ሁለት ሰንሰለት ትሠራላችሁ፤ ከዚያ በመጀመሪያ በሠራችኋት ሰንሰለት ውስጥ ስድስት አጭር ዓይን ታስገባላችሁ። ስድስቱ በአንዲት ሰንሰለት ውስጥ ሲገቡ ራሳቸው ዞረው ክብ ይሆናሉ። ቀዳዳው በጣም ትንሽ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ይህን ነው።

ሦስተኛው በሚጠብቅ ክብ መጀመር ነው። ክሩን በግራ እጃችሁ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ላይ አንድ ጊዜ ጠምጥሙ፤ ጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ይቅር። ኪሮሹን ከተጠመጠመው ክር ሥር አሳልፋችሁ ከልቃቂቱ የሚመጣውን ክር ስባችሁ አውጡና አንድ ሰንሰለት ሥሩ፤ ይህች ሰንሰለት አትቆጠርም። ከዚያ የክቡን ክርና ጫፉን አንድ ላይ እያቀፋችሁ ስድስት አጭር ዓይን ሥሩ። ሲያልቅ ጫፉን ስትስቡት መሐሉ ሙሉ በሙሉ ይዘጋል። ለኮፍያና ለልጆች አሻንጉሊት ከሁሉ የሚመረጠው ይህ ነው። አንድ ነገር ግን ያስፈልገዋል፤ ጫፉ ካልተያዘ በእጥበት ጊዜ መሐሉ ይከፈታል። በመርፌ በአንድ አቅጣጫ ዞራችሁ፣ ተመልሳችሁ በሌላው አቅጣጫ ዞራችሁ ቀብቁት። አጭር ጫፍ ይህን ለማድረግ አይበቃም፤ አንድ ስንዝር ያልኩት ለዚህ ነው።

በግራ እጃችሁ የምትሠሩ ካላችሁ የሌላውን እጅ ለመቀየር አትድከሙ። ከአስተማሪያችሁ ጎን ሳይሆን ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ እንደ መስታወት ስለምታዩት ለእናንተ ይቀላል።

የስድስት ሕግ

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። በአጭር ዓይን የሚሠራ ክብ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲተኛ በየዙሩ ስድስት ዓይን ይጨመርበታል። እንዲህ ነው፦

1ኛ ዙር፦ 6 ዓይን።
2ኛ ዙር፦ በእያንዳንዱ ላይ መንታ፤ 12 ዓይን።
3ኛ ዙር፦ አንድ ተራ፣ አንድ መንታ፣ እየደጋገሙ፤ 18 ዓይን።
4ኛ ዙር፦ ሁለት ተራ፣ አንድ መንታ፤ 24 ዓይን።
5ኛ ዙር፦ ሦስት ተራ፣ አንድ መንታ፤ 30 ዓይን።
6ኛ ዙር፦ አራት ተራ፣ አንድ መንታ፤ 36 ዓይን።

ከዚህ በኋላም በየዙሩ በመንታዎቹ መካከል አንድ ተራ እየጨመራችሁ መቀጠል ነው። የስድስትን ማባዣ በቃሉ የያዘ ሰው ሥርዓቱን በሙሉ ያውቀዋል። የማታውቁትም አትጨነቁ፤ አሥር ዙር ስትሠሩ በእጃችሁ ትማሩታላችሁ።

ለምን ስድስት ሆነ? የማንኛውም ክብ ዙሪያ የስፋቱ ሦስት እጥፍና ጥቂት፣ ማለትም 3.14 እጥፍ ነው። አንድ ዙር ስንጨምር ስፋቱ በግራም በቀኝም በአንድ ዓይን ቁመት ያድጋል፤ በድምሩ ሁለት ነው። ሁለት ጊዜ 3.14 ደግሞ 6.28 ይሆናል። የአጭር ዓይን ቁመትና ወርድ ስለሚቀራረብ ዙሪያው በየጊዜው ስድስት ዓይን ያህል ይፈልጋል ማለት ነው። ረጅም ዓይን በቁመቱ እጥፍ ያህል ስለሆነ እሱ አሥራ ሁለት ይፈልጋል፤ 12፣ 24፣ 36 እያለ ይሄዳል።

በረጅም ዓይን ስትሠሩ ዙሩን የምትጀምሩት በሦስት ሰንሰለት ነው። እነዚህ ሦስት ሰንሰለቶች በአንድ ረጅም ዓይን ይቆጠራሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ሦስት ሰንሰለትና አሥራ አንድ ረጅም ዓይን ሠርታችሁ አሥራ ሁለት ይሆናል። ዙሩን በማያያዣ የምትዘጉት በሦስተኛዋ ሰንሰለት አናት ላይ ነው። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሦስቱን ሰንሰለት ሳይቆጥር አሥራ ሁለት ይጨምርና አሥራ ሦስት ያደርገዋል፤ ወይም ማያያዣውን እንደ ዓይን ቆጥሮ በላዩ ላይ ይሠራበታል።

በአጭር ዓይን ለሚሠራ ሥራ ሁለት ምርጫ አለ። ዙሩን ሳይዘጉ እንደ ቀንድ አውጣ ዛጎል እየዞሩ መቀጠል ይቻላል፤ መገጣጠሚያው አይታይም። ነገር ግን ዙሩ የት እንደተጀመረ ዓይን አይለየውም። ስለዚህ የዙሩ የመጀመሪያ ዓይን ላይ የተለየ ቀለም ያለውን ቁራጭ ክር አስገቡበትና ዙሩ በተጠናቀቀ ቁጥር ወደ ላይ አንሱት። አለዚያም በየዙሩ በማያያዣ ዘግታችሁ በአንድ ሰንሰለት መነሣት ትችላላችሁ። ቀለም ለመቀያየር ይህ ይመቻል።

ሥራው ራሱ ይናገራል

ቁጥር ሲዛባ ሥራው ራሱ ይነግራችኋል። ጠርዙ ወደ ላይ እየተነሣ እንደ ጣባ ከጎደጎደ ጭማሪው አንሷል። ጠርዙ እየተጥመለመለ እንደ ጎመን ቅጠል ከተሸበሸበ ጭማሪው በዝቷል። ስድስት ማዕዘን ካወጣ ደግሞ ቁጥሩ ልክ ነው፤ ነገር ግን መንታዎቹ በየዙሩ አንዱ በአንዱ አናት ላይ ውለዋል። ይህን ለማስቀረት በአንዳንዱ ዙር መንታውን ወደ መሐል አምጡት። ለምሳሌ በአራተኛው ዙር ሁለት ተራና አንድ መንታ ከማድረግ ይልቅ አንድ ተራ፣ አንድ መንታ፣ አንድ ተራ አድርጉ። ድምሩ ያው 24 ነው፤ ማዕዘኑ ግን ይጠፋል። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ጠርዙ በጥቂቱ ብቻ ከተነሣ እጃችሁ ጠብቋል ማለት ነውና ወይ ላላ አድርጉ፣ ወይ አንድ ቁጥር ወፈር ያለ ኪሮሽ ያዙ።

ጭማሪ የበዛበት ሥራ ለእኛ ብልሽት ቢሆንም ለሌላ ሰው ትምህርት ሆኗል። ዳይና ታይሚና የተባሉ የላትቪያ ተወላጅ የሒሳብ ምሁር በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርስቲ ሳሉ፣ ተማሪዎች በወረቀት ላይ ሊረዱት ያልቻሉትን የተጥመለመለ ገጽ ሆን ብለው ጭማሪ እያበዙ በኪሮሽ ሠርተው አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የእሳቸው የኪሮሽ ሥራ በየትምህርት ቤቱ ማስተማሪያ ሆኗል። ኪሮሽ የያዘች ሴት ሒሳብ እየሠራች ነው ብል አላጋነንኩም።

የመተርተር ዋጋ

አሁን አንድ ስሌት ላሳያችሁ። እስከ ሦስተኛው ዙር የተሠራው ዓይን ድምሩ 36 ነው። እስከ አሥረኛው ዙር 330 ነው። እስከ ሃያኛው ዙር 1,260 ይሆናል። በሁለተኛው ዙር የተሠራን ስሕተት በሦስተኛው ዙር ያየች ሴት የምትተረትረው ቢበዛ 36 ዓይን ነው፤ ሻይ ሳይፈላ ተመልሳ ትሠራዋለች። ያንኑ ስሕተት በሃያኛው ዙር ያየችው ከዚያ 35 እጥፍ ትተረትራለች፤ የቀናት ልፋቷ ይሄዳል። ያንን ስለማትችል ብዙውን ጊዜ ሥራውን እንዳለ ትተወዋለች፤ ክሩም ሥራውም ይባክናል።

በመሆኑም በመጀመሪያዎቹ ዙሮች መቁጠር ጊዜ ማባከን አይደለም። በየዙሩ መጨረሻ ቁጠሩ። ሦስተኛው ዙር ሲያልቅ ሥራውን በጉልበታችሁ ላይ ሳይሆን በጠፍጣፋ ነገር ላይ አንጥፋችሁ ተመልከቱ። ከተሳሳተ ተርትሩት። በሕይወታችን የሆነውን ወደ ኋላ መልሰን የማንሠራው ብዙ ነገር አለ። የጠፋ ሰብል፣ የተዘጋ ቤት፣ ያለፈ የትምህርት ዘመን አይተረተርም። ኪሮሽ ግን የአንድ ክር ሥራ ስለሆነ ክሩ ሳይቆረጥ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በእጃችን ያለውን ይህን ዕድል በእልህ ምክንያት አንጣለው። "ማንም አያየውም፣ ሲታጠብ ይስተካከላል" አትበሉ። ነክሮ በመርፌ ወጥሮ ማድረቅ ጥቂት መዛባትን ያቃናል እንጂ የጎደለ ዓይን አይተካም። በስታርች ማድረቅም ቅርጽ ለያዘ ሥራ ጥንካሬ ይሰጠዋል እንጂ የተጣመመውን አያቀናውም።

ኮፍያ ለመሥራት

ጠፍጣፋውን ክብ የቻለ ሰው ኮፍያ ሠራ ማለት ነው። የኮፍያ አናት ያው ክብ ሲሆን፣ በቂ ስፋት ላይ ሲደርስ ጭማሪው ይቆማል፤ ከዚያ በየዓይኑ አንድ አንድ ብቻ እየሠሩ ዙሪያውን ወደ ታች ማውረድ ነው። ጥያቄው ጭማሪው የት ይቁም የሚለው ነው።

ሜትር የሌለው ሰው ክር ይዞ የባለ ኮፍያውን ራስ ከግንባሩ በላይ ይለካ። ክሩን እኩል ሦስት ቦታ ይጠፈው። የአንዱ እጥፋት ርዝመት አንድ ጣት ሲቀነስለት የአናቱ ስፋት ነው። ለምሳሌ የራሱ ዙሪያ 56 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው ሲሶው 18 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ አንድ ጣት ስንቀንስ 17 ይቀራል። የኪሮሽ ሥራ ስለሚሳሳብ ይህ ልክ ይሆንለታል። አዲስ ለተወለደ ሕፃን ዙሪያው 35 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስለሚሆን አናቱ ከ10 እስከ 11 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ሕፃን ቶሎ ስለሚያድግ ለሽያጭ ስትሠሩ ሁለት ሦስት መጠን ብታዘጋጁ መልካም ነው።

ደብተሩ ለምን አስፈለገ?

ከዚህ በፊት ከተማሩት መካከል ፊደል ያልቆጠሩ አንዲት እናት ነበሩ። እጃቸው ከሁላችንም የፈጠነ ነው። አንድ ነጋዴ ስድስት የብርጭቆ ማስቀመጫ አዘዛቸው። ስድስቱንም ሠርተው ወሰዱለት፤ እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ያማረ ነበር። ጎን ለጎን ሲደረደሩ ግን አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ሆነ። ነጋዴው የሚመሳሰሉትን ሁለቱን ብቻ ገዝቶ አራቱን መለሰላቸው።

እኚህ እናት ከዚያ በኋላ ቁጥር መጻፍ ተማሩ። በደብተራቸው በግራ በኩል የዙሩን ቁጥር፣ በቀኝ በኩል የዓይኑን ብዛት ይጽፋሉ፤ ሌላ ፊደል አልነበረበትም። በሁለተኛው ትዕዛዝ ስድስቱም ተመሳሳይ ሆኑ። ከዚያም አልፎ ስንት ዓይን እንደሠሩ፣ ስንት ቀን እንደፈጀባቸው፣ ከአንድ ልቃቂት ስንት ማስቀመጫ እንደወጣ በእጃቸው ጽፈው ያዙ። ገዢ ዋጋ ሲያወርድባቸው "የክሩ ይህን ያህል ነው፣ የልፋቴ ይህን ያህል ነው" ብለው ይመልሳሉ። ዛሬ የሽያጭ ደረሰኝ ሲሰጣቸው ሌላ ሰው እንዲያነብላቸው አይጠብቁም።

እኔ ከዚህ ክፍል የምጠብቀው ይህንን ነው። ጥሩ ዳንቴል ሠሪ ብትሆኑ ደስ ይለኛል። የራሳችሁን ሥራ ቆጥራችሁ፣ ጽፋችሁ፣ ዋጋውን ራሳችሁ የምትናገሩ ብትሆኑ ግን ደስታዬ እጥፍ ነው። ከዚህ ካምፕ ወደየትም ብንሄድ፣ ወደ አገራችን ብንመለስም፣ ወደ ሌላ አገር ብንሻገርም፣ ያ ዕውቀት ሻንጣ አይፈልግም።

የቤት ሥራ

ለሚቀጥለው ሳምንት ሁላችሁም በሁለት ሰንሰለት ጀምራችሁ እስከ ስድስተኛው ዙር ሥሩ። የመጨረሻው ዙር 36 ዓይን ይሆናል፤ የስድስቱ ዙር ድምር 126 ነው። በየዙሩ ቆጥራችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። መጻፍ የማትችሉ በዓይን ብዛት ልክ ጭረት አድርጉ፤ በስድስት በስድስት ከፋፍላችሁ ብትጭሩት መቁጠር ይቀላል። ክሩን አትቁረጡት። ምክንያቱም በሚቀጥለው ሳምንት ሥራችሁን በጠረጴዛው ላይ አንጥፈን አብረን እናያለን፤ የተኛው ይቀጥላል፣ ያልተኛው ይተረተራል። ለዳንቴልም ለኮፍያም የምታውቁት ያረጀ ክር ይዛችሁ ብትመጡ፣ አዲሱን ልቃቂት የምንሰጠው ሦስት ክብ በትክክል ለሠራ ሰው ስለሆነ፣ በእሱ ተለማመዱ።

የምታውቁ የማያውቁትን እርዷቸው። እጃቸውን ይዛችሁ አሳዩአቸው እንጂ ተቀብላችሁ አትሥሩላቸው። ልጆቻችሁ ቁጥር የሚያውቁ ከሆነ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ያስቆጥሯችሁ፤ ለእነሱም ትምህርት ነው።

በሉ፣ ኪሮሻችሁን አንሱና ሸምቀቆውን እንሥራ።